ፕሮፌሰሩ የቆጠሯቸው አረንጓዴ ነጥቦች

ናይሮቢ ባለው ላብራቶሪያችን የማይክሮስኮፕ ክፍሉን ከያዝኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስንቱ ወጣት ተመራማሪ መጥቶ ሄዷል፤ እንደ ቃባሌ ጉዮ ያለ ግትር ግን አላጋጠመኝም።

ቃባሌ የሰሜን ኬንያ፣ የኢሲዮሎ ቦረና ናት። በጎርፉ ዓመት የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የእናቷን በጎች አስጨነገፈ፤ የታመመች በግ ያረደ ታላቅ ወንድሟንም ደም አስተፍቶ ገደለው። እኛ ዘንድ የመጣችው ያንን ቫይረስ ብላ ነው። ቫይረሱን ራሱን መንካት የሚፈቀድበት ጥብቅ ክፍል ግን የለንም።

«ታዲያ ውጭ አገር ልከን መልስ ስንጠብቅ እንኑር?» አለችና የቫይረሱን ቅርፊት ብቻ ሠራች። ላዩ ቁርጥ ቫይረሱን ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ፤ አይራባም፣ አያሳምምም። አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አያያዘችበት። የበግ ህዋስ ላይ ስታፈሰው እያንዳንዱ ቅርፊት አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችን ተከተልነው።

የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ምዋንዚያ ስማቸው የተጠራው ቫይረሱ ከህዋሱ ሽፋን ጋር እዚያው ላይ ላዩን ተዋህዶ ይገባል ብለው በጻፉት ነው። ቃባሌ ያየችው ሌላ ነበር። ህዋሱ ነጥቡን በትንሽ ከረጢት ይውጠዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ አሲድ ሲበረታ ነው ቅርፊቱ የሚከፈተው። አሲዱን የሚከለክል መድኃኒት ስትጨምር ነጥቦቹ ከረጢቱ ውስጥ እንዳሉ ተቀረቀሩ።

ፕሮፌሰሩ ምስሎቹን አይተው ወደ ጎን ገፏቸው። «ይህ ቫይረስ ሳይሆን የሚያበራ ቆሻሻ ነው። ሐሙስ ስብሰባ ላይ እንዳታሳዪ።»

«ህዋሱን የሚይዝበት ፕሮቲን የሌለው ቅርፊትም ሞክሬያለሁ፤ እሱ አይገባም። ቆሻሻ ቢሆንማ ሁለቱም በገቡ ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ስሠራ አንቺ በግ ትጠብቂ ነበር።»

«ልክ ነዎት። ሲያልቁም ያየኋቸው እኔ ነኝ።»

እሳቸው ሲወጡ እኔ ፈራሁላት። «ልጄ፣ ውልሽ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ዝም ብትይስ?»

«ምዜ፣ ዝም ለማለትማ ኢሲዮሎ መች አነሰኝ!» አለችኝ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌውን ምዜ ነው የምንለው።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባው ላይ ስድስት የህዋስ ሳህን ይዛ ገባች። ቁጥር የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱ ያለበት የትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም። መልሱ ታሽጎ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ምስል አታሳዪ ብለውኛል፤ አላሳይም። እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩ» አለች።

አሥራ አንድ ሰው ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ሙሪዩኪ፣ አንተም ከእሷ ጋር ነህ?»

«እኔ ከማይክሮስኮፑ ጋር ነኝ ጌታዬ» አልኩ።

ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆጠሩ። አንድ ነገር አልነፍጋቸውም፤ ሲቆጥሩ አላጭበረበሩም። ነጥቦቹ የተቀረቀሩት በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳህን ነው ብለው ጻፉ። ፖስታውን ቀድጄ አነበብኩ፦ ሁለት፣ አራት፣ አምስት። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አነሱና ወጡ።

ሰኞ አስጠሯት። የምርምር ጽሑፉ ይውጣ፣ ግን የእኔ ስም ይቅደም አሏት።

«የእርስዎ ሦስተኛ ነው፤ ከምዜ ሙሪዩኪ ቀጥሎ» አለቻቸው።

ይህን ስትነግረኝ የጎረስኩት የተጠበሰ ማንዳዚ ዳቦ ትን ሊለኝ ነበር። «አብደሻል? እኔ እኮ ዲግሪ የለኝም!»

«ነጥቦቹን ያየንባት ዓይን የእርስዎ ናት።»

ውሏ አልታደሰም። ሳህኖቿን በበረዶ ሣጥን አሽጋ ከተማው ማዶ ወዳለ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ሄደች። እዚያ ሙከራውን ከሥሩ ደገመችው፤ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ጽሑፉ በዓመቱ ታተመ። ስሜ ሁለተኛ ነው፤ ባለቤቴ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ጽሑፉን ታወጣለች። ፕሮፌሰሩ ስማቸው እንዲገባ አልፈለጉም፤ የድሮ ጽሑፋቸውንም አላረሙም። ተማሪዎቻቸው ስለ ከረጢቱ ሲጠይቋቸው ግን እንደ ድሮው አይቆጡም አሉ።

ባለፈው ሳምንት ቃባሌ ደወለች። የከረጢቱን አሲድ የሚያግድ፣ በግ ሊቋቋመው የሚችል መድኃኒት እያሰሰች ነው። «ምዜ፣ የዚህ ቤት ማይክሮስኮፕ ሰው አጥቷል» አለችኝ።

እዚህ የጡረታ ቅጼን ሞልቻለሁ። ሰኞ እሷ ዘንድ ሥራ እገባለሁ።