የሐኪሙ ልጅና ሦስቱ እንቁላሎች

መምህርቷ እናቷን ከቀበረች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። እናትየው ሆስፒታል የገባችው ለሐሞት ጠጠር ነው። ቀዶ ጥገናው በሰላም ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ግሉኮስ እንዲሰቀልላት አዘዘ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ተተካ። በማግስቱ ጠዋት ራሴን አለች፣ አስመለሳት፣ ቀጥሎም አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን ከሞተች ሃያ ዓመት ባለፋት የራሷ እህት ስም ትጠራት ጀመር። ነርሷ ፈርታ ጨው ባለው ይቀየርላት ወይ ብላ ብትጠይቅ ሐኪሙ ሥራሽን ሥሪ ብሎ በሰው ፊት አሳፈራት። ሦስተኛውንም ግሉኮስ ራሱ ሰቀለው። ከሰዓት በኋላ እናትየው ተንዘፈዘፈች፣ ራሷን ሳተች፣ በዚያው ቀረች።

የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ ተጻፈ። መምህርቷ አቤት ያላለችበት በር የለም። ኮሚቴ ተቋቁሞ ስህተት አላገኘሁም አለ። አፏን አልዘጋም ያለችው ነርስ ግን ውሃ በማያነሳ ምክንያት ከሥራ ተባረረች። የሆነውን አንድ በአንድ ለመምህርቷ የነገረቻትም እሷ ነች።

ትምህርት ሲከፈት መምህርቷ የአዲሱን ክፍል ስም ዝርዝር ስታነብ ከአንዲት ልጅ ስም ቀጥሎ የሐኪሙን ስም አየች። ዓይኗን አሽታ ደግማ አነበበችው። ልጅቷ የፊተኛው ወንበር ላይ ጥፍሯን እየበላች ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ጥያቄ የማያልቅባት። መምህርቷ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ምን እንደምታደርግ አውቃ ጨርሳለች። ለማንም አልተነፈሰችም።

ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ወላጆች የልጆቻቸውን ሥራ የሚያዩበት ቀን ነበረው። መምህርቷ አንድ የእንቁላል ሙከራ ለሐኪሙ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ሦስት እንቁላሎች አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፈች። በሁለት ቀን ቅርፊታቸው ሟሙቶ አለቀና ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ብቻ ቀረ። አንዱን ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን በስኳር የጠገበ ውሃ ውስጥ፣ ሦስተኛውን በልክ ጨው የተደረገበት ውሃ ውስጥ አስቀመጠች። ከቤተ ሙከራው አልወጣም ስላለች የክፍል ጓደኞቿ ታቅፋ ልትፈለፍላቸው ነው እያሉ ይስቁባት ነበር። በማግስቱ ስትመዝናቸው ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበረው አሥራ ስድስት ግራም ጨምሮ ሊፈነዳ ደርሷል፤ የስኳሩ ተጨማዷል፤ የጨዉ እንዳለ ነው።

መምህርቷ አጠገቧ ተቀምጣ አስተማረቻት። ውሃ ስሱን ሽፋን አልፎ ጨውና ስኳር ወደ በዛበት ይሄዳል፤ ይህ ኦስሞሲስ ነው። የሰው ሕዋስም እንደዚሁ ስለሆነ ገላችን የደሙን ጨው ዝንፍ እንዳይል ሲጠብቅ ይኖራል። ኩላሊት ትርፉን ውሃ ያስወጣል። ቀዶ ጥገና በተደረገለት ሰው ላይ ግን ገላው ውሃውን አልለቅም ሊል ይችላል፤ ግሉኮስ ሲሰጠው ስኳሩ ይቃጠልና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። እሷ ነች የጨመረችው።

«አባትሽ ይመጣሉ አይደል?» አለቻት።

ልጅቷ ጊዜ የለውም ብላ አቀረቀረች። መምህርቷ ለምኚያቸው፣ አልቅሰሽም ቢሆን አምጪያቸው አለቻት።

መጣ። ሱፉን ለብሶ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ መምህርቷን አላስታወሳትም። ልጅቷ ያበጠውን እንቁላል ከፍ አድርጋ ስታስረዳ እሱ ፈገግ ብሎ በስልኩ ይቀርጻት ነበር። ስለ ቀዶ ጥገናውና ስለ ግሉኮሱ ስትደርስ ስልኩን ዝቅ አደረገው።

ያኔ መምህርቷ ተነሣች። አባትየው ሐኪም ስለሆኑ የቀረውን እሳቸው ቢያስረዱን ይሻላል ብላ በትሕትና ጋበዘችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ በኩራት ዓይኗን ጣለችበት። ከመነሣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ሕመምተኛው ላይ በምን ይታወቃል?» አለች መምህርቷ።

«ራስ ምታት ይኖራል» አለ። «ማስመለስ... መቀባጠር።»

«ያኔ ምን ይደረጋል?»

«ግሉኮሱ ይነቀላል።»

«ካልተነቀለስ?»

ሐኪሙ ልጁን አየ። «አንጎል ያብጣል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እናቴ እንደዚያ ነው የሞተችው» አለች መምህርቷ። «ሦስተኛውን የሰቀሉላት እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ ላይ ልብ ድካም ብለው ጻፉ።»

ሐኪሙ በመሀል መተላለፊያው ወጥቶ ሄደ። ልጁን ረስቷት ነው የሄደው። የመምህርቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች።

በማግስቱ ልጅቷ ከደወሉ በፊት ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ቲቸር፣ እኔን የመረጡኝ ለዚህ ነው?»

መምህርቷ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆንሽ ነው ልትላት ትችል ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። «አዎ» አለቻት።

«ስለ እናትዎ በጣም አዝናለሁ» አለች ልጅቷ። «ማታ አባቴን ጠየቅሁት፤ እውነት ነው አለኝ። ግን እኔ ምን አድርጌዎት ነው?»

መምህርቷ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ከፈተችላት።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ጥፋቱን አምኖ በገዛ እጁ የጻፈው ደብዳቤ ኮሚቴው ዘንድ ደረሰ። ፋይሉ እንደገና ተከፈተ። ሐኪሙ ለሁለት ዓመት ሕመምተኛ እንዳይነካ ታገደ፤ ነርሷ ይቅርታ ተጠይቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደውላ ስትነግራት መምህርቷ ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። የመምህርቷ እህት በኋላ ልጅቷን ነገሩ ውስጥ ማስገባትሽ አይቆጭሽም ወይ ብትላት፣ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ፣ ሌላ በር አልተዉልኝም አለቻት።

ዓመቱ ሳያልቅ ልጅቷ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልትዛወር የመልቀቂያ ወረቀት ይዛ መጣች። ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። መምህርቷ ፈረመችላት። ልጅቷ አመሰግናለሁ ብላ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ወጣች፤ መምህርቷም ለሚቀጥለው ክፍል ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረች።