የክንፈ ዳሞት ዋስ

ደጀኔ ካርዱን በእጁ አልሰጠውም፤ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ጠረጴዛው መሀል አደረሰውና ተወው። ለውሻ አጥንት የሚወረውር ሰው እንኳ እንዲህ አይሰስትም። ወርቃማው ካርድ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል ተጋድሞ በፍኖተ ሰላም የጠዋት ፀሐይ አብለጨለጨ። ስመኘው አላነሳውም። ዓይኑን መንቀል ግን አልቻለም።

«ላንተ ተብሎ ነው» አለ ደጀኔ። «አዲስ አበባ ድረስ ደውዬ፣ ለምኜ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። አዲሱ ደንብ ላንተ አይሠራም።»

«ለሁሉ ሠርቶ ለእኔ የማይሠራው ምን ዓይነት ደንብ ነው?»

«ኧረ ተው ስሜ! አሁን ደንብ መማር አማረህ? ዛሬ የባለ አክሲዮኖቹ ስብሰባ ላይ ሁለት ቃል ትናገራለህ፣ አለቀ። ገበሬው የሚያምነው አንተን ነው።»

ደጀኔ የክንፈ ዳሞት አየር መንገድ የፍኖተ ሰላም ወኪል ነበር፤ ትኬትም አክሲዮንም ይሸጣል። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረው ተምረዋል። ከዚያ የስመኘው አባት ሞቱና እሱ ከበርበሬ ጆንያ ስር ገባ፤ ደጀኔ ኮሌጅ ገብቶ ከረባት ማሰር ተማረ። ሌላ የተማረው ነገር ካለ እስከዛሬ ያየለት ሰው የለም።

ስመኘው የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከባሕር ዳር በአውሮፕላን መመላለስ የጀመረ ሰሞን፣ አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ የሚያየው ፊት ሁሉ ይዞርበት ነበር። በርበሬ ከልብስ አይለቅም፤ ቢታጠብም አይለቅም። መዝጋቢዋ ልጅ በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ፣ መታወቂያውን በሁለት ጣቷ ተቀብላ፣ «ወደ ኋላ ይቁሙ» ትለዋለች። ከኋላው የቆመው ባለ ሱፍ ያስነጥሳል፤ ሆን ብሎ። ስመኘው ያስነጠሰበትን ሰው ሁሉ መልክ ያስታውሳል።

ካርዱ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አየር መንገዱ ለተመላላሽ ደንበኛ በእያንዳንዱ በረራ ነጥብ ይይዝለታል፤ ነጥቡ ሲሞላ የወርቅ ካርድ ይሰጠዋል። ባለ ካርድ በራሱ መስመር ያልፋል፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ይጠብቃል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ፊት ይቀመጣል። ያቺው ልጅ፣ በዚያው አፍንጫዋ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ስመኘው» አለችው። በርበሬው ድንገት ሽታ አጣ። ስመኘው ያን ቀን ሊንቃት ይገባ ነበር። ደስ አለው፤ ውርደቱም እዚያ ላይ ነበር።

ክንፈ ዳሞት አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር ስመኘው ካርዱን ከኪሱ እያወጣ ከጅጋ ገበያ እስከ ሽንዲ አሳየ። «ደንበኛውን እንዲህ የሚያከብር ባለ አክሲዮኑን ምን ሊያደርገው ነው?» እያለ። ገበሬዎቹ ካርዱን አገላብጠው አዩና «ዋስ ማነው?» አሉት። አክሲዮን ዋስ እንደሌለው ማስረዳት ነበረበት። እሱ ግን ሰው ከቦት፣ ሰው ሰምቶት አያውቅምና ሞቅ አለው፤ «ዋሱ እኔ ነኝ!» አለ፣ በሬ ሲሸጥ፣ መሬት ሲከራይ እንደሚባለው። የሚስቱ አጎት አያ ሙጬ፣ አውሮፕላንን ከሥር ሆነው ከማየት በቀር የማያውቁት የቡሬ ገበሬ፣ ለቆርቆሮ ቤት ያስቀመጡትን ሁሉ በዚያች ቃል ላይ አስረከቡ።

በቅርቡ ደግሞ ደንቡ ተለወጠ። ነጥብ በበረራ ብዛት መቆጠሩ ቀርቶ በትኬት ዋጋ ሆነ። በርካሽ ትኬት ዓመት ሙሉ የተመላለሰ ነጋዴ ባዶውን ቀረ፤ በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ውድ ትኬት የሚቆርጠው ሹም ወርቅ ሆነ። የተጠራቀመው ነጥብ ተሰረዘ። «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎን በተሻለ ሁኔታ ለማገልገል» የሚል መልእክት በስልክ ደረሰ። ሲዘርፉ እንኳ የሚያመሰግኑ ሰዎች ናቸው። ስመኘው ባሕር ዳር ሲደርስ ካርዱን ነጠቁት፤ ልጅቷ አፍንጫዋን ያዘች።

«አክሲዮናችንን ካልሸጥን የሚሉ በዝተዋል ይባላል» አለ ስመኘው አሁን፣ ካርዱን እያየ።

«ለዚህ አይደል እንዴ የምትፈለገው! ዛሬ አዲስ አክሲዮን ካልተገዛ...» ደጀኔ አልጨረሰውም። «ካርድህን አውጥተህ ታሳያለህ። ይኸው፣ እኔ ምንም አልተነካብኝም ትላለህ።»

ስመኘው ካርዱን አንስቶ ኪሱ ከተተው። ደጀኔ ፈገግ አለ።

የስብሰባው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ገበሬዎቹ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለሹም ስብሰባ እንደሚቀመጡት ተቀምጠዋል፤ ማለትም ምንም ሳያምኑ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ዘሚካኤል የተባለ ለጋ ኃላፊ፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ በምስል ማሳያ መሣሪያ የትርፍ ቀስት አበራ። ቀስቱ ወደ ላይ ይወጣል።

«የደንበኞች መርሐ ግብራችን መሻሻል ወጪን ይቀንሳል፤ የባለሀብቱንም መተማመን ያሳድጋል!» አለ።

አያ ሙጬ ተነሡ።

«ልጄ፣ አነጋገርህ ያምራል፤ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሲመላለስባችሁ የከረመውን ደንበኛ ፊቱን ከረሳችሁት፣ እኔን አንድ ቀን ብቻ የመጣሁትን በምን ልታውቁኝ ነው?»

«አባት፣ ይህ እኮ...»

«ቆይ። አንተን አልጠየቅሁም፤ አላውቅህም። እኔ የማውቀው ዋሴን ነው። ዋሴ ይነሣ።»

ዘሚካኤል ወደ ደጀኔ ጎንበስ ብሎ «የምን ዋስ? አክሲዮን ላይ ዋስ የለም እኮ» ሲል ማይኩ አጋለጠው። አዳራሹ ሳቀ።

«ዋስ ከሌለውማ ምኑን ነው የገዛነው?» አለች ዓባይነሽ የምትባል ከጅጋ የመጣች ሴት። ሳቁ ቆመ።

ስመኘው ተነሣ። እጁ ኪሱ ውስጥ ካርዱን ጨብጧል። አንዲት ውሸት ናት፤ ያውም ሙሉ ውሸት ያልሆነች። ተናግሯት ቢቀመጥ ለስላሳው ወንበር የእሱ ነው፣ የፊቱ መቀመጫ የእሱ ነው፣ የልጅቷ ሰላምታም የእሱ ነው። ቀና ሲል ደጀኔን አየ። ደጀኔ ትምህርቱን በቃሉ እንዲወጣ የሚጠበቅ ሕፃን የሚያይ ይመስል በርታ እያለ ራሱን ይነቀንቅለታል። ስመኘውን ያናገረው ያ የሚነቀነቅ ራስ ነው። ደግነት ነው የሚል ካለ አያውቀውም፤ ቂም ነበር።

«ካርዱን ነጥቀውኝ ነበር» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ቀጠነበት። «ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ። ለናንተ እንዳሳይበት ነው። ከእኔ በቀር የተመለሰለት የለም። እኔም ዋስነቴን አውርጃለሁ።»

ወይ ጭብጨባ፣ ወይ እርግማን ይመጣል ብሎ ነበር። አንዱም አልመጣም። ገበሬዎቹ ተነሥተው ዱላቸውን እየመረጡ ወጡ። አዲስ አክሲዮን የገዛ አልነበረም። ዘሚካኤል መሣሪያውን ሲያጠፋው ቀስቱ ከግድግዳው ላይ ጠፋ።

«አንተ በርበሬ!» አለ ደጀኔ በጥርሱ መሀል። «ድሮም ሰው አትሆንም።»

ስመኘው ወደ አያ ሙጬ ሄደ።

«አያ፣ ይቅር በሉኝ።»

«እውነት ተናገርህ። ጎሽ።»

«እንግዲያው...»

«እንግዲያው ምን? ዋስ የሚወርደው ገንዘቡ ሳይወጣ ነው። ከወጣ ወዲያ የወረደ ዋስ እኔ አላየሁም።»

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ከስመኘው ኮት ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ድሮ፣ አባቶች በነበሩ ጊዜ፣ ባለዕዳና ባለገንዘብ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ በልብስ ይቆራኙ ነበር፤ ብቻውን የሚሄድ አይኖርም። ስመኘው ቀልድ መስሎት ፈገግ ለማለት ሞከረ። አያ ሙጬ አልሳቁም።

«የት ልንሄድ ነው?»

«ቡሬ። ሰዎች ፊት እንነጋገራለን። እንዴት እንደምትከፍለኝ አንተ ትናገራለህ፤ እንዴት እንደምታገሥህ እኔ እናገራለሁ።» ቀጥለውም «ምሳም እዚያው ትበላለህ። የእህቴን ልጅ ያገባህ አይደለህም እንዴ?» አሉ።

ወደ መናኸሪያ በሚወስደው ዋና መንገድ ወጡ። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ነፉባቸው፤ አንዱ ባለ ጋሪ ፈረሱን አቁሞ «ምን ሰረቀ አያ?» ብሎ ጮኸ። አያ ሙጬ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ ስመኘው ቀድሟቸው በሄደ ቁጥር ኮቱ ይጎትተዋል። ቋጠሮው ልል ነበር፤ በአንድ ጣት ይፈታል። እጁን ወደዚያው ሰደደና ነካው። እንዳይፈታ ይሁን እንዲፈታ ራሱም ሳይለየው፣ ቋጠሮውን በመዳፉ ይዞ እርምጃውን ከሽማግሌው እርምጃ ጋር ያስተካክል ጀመር።