ቀድሞ የተመታ ማኅተም

የእህል ጎተራው ሚዛን ቤት ዳርላ ቭርባን ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲያሰናብታት፣ «ማኅተም ያለው ሰው ጾሙን አያድርም» ያላት ጎረቤቷ ነበር። ተፈተነች፣ ማለች፣ የኔብራስካ ግዛትም ውል አዋዋይ አድርጎ ሾማት። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፤ ቤቱን አስይዞ የሚበደር ሰው ዘንድ ወረቀቱን ይዞ መሄድ፣ ማስፈረም፣ መመስከር።

የመጀመሪያው ጥሪ በየካቲት በረዶ መጣ። ሥራውን የሚያከፋፍለው ወኪል፣ «ዛሬ ካልተፈረመ ሁለተኛ አንደውልልሽም፤ ቁርጥሽን ዕወቂ» አላት።

ሰው ፊት እንዳትሳሳት ፈራች። ስለዚህ ጠዋት ቤቷ ቁጭ ብላ የምስክር ወረቀቱን ሞላችው፦ «በዛሬው ዕለት ተበዳሪው ኦርቪል ሃውገን በአካል ፊቴ ቀርበዋል።» ፈረመች። ማኅተሙንም መታችበት። ሰውየው ሳይቀርቡ መመስከር ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው፣ ሠራሁ የሚል ግን የማይገኝ ስሕተት ነው።

ከምሳ በኋላ የሃውገኖችን በር ስታንኳኳ ሚስትየው ወይዘሮ ማቪስ ከፈቱላት።

«ለብድሩ ነው? ኦርቪል እኮ ትናንት ሆስፒታል ዐረፈ፣ ልጄ። ለወኪሉ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰምቶኝ ይዘጋል።»

«ውይ! ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ማቪስ። አላወቅኩም።»

«ከየት ታውቂዋለሽ። ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።»

ወጥ ቤቱ ጎረቤት ባመጣው የፓስታ ትሪ ተሞልቷል። ዳርላ ወረቀቶቹን ወደ ቦርሳዋ ልትመልስ ስትል፣ ከላይ ፎቅ ደረጃው ሲጢጥ አለ። አንድ። ሁለት። ማቪስ ፓስታ የሚጨልፉበት ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

የሆስፒታል ጋውን የለበሱ፣ የእጅ መለያቸው ያልተፈታ ሽማግሌ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጠራሽኝ» አሉ ዳርላን።

«እኔ?»

«ቀርቧል ብለሽ ጽፈሽ የለ? ቀረብኩ።»

«ኦርቪል!» አሉ ማቪስ። «በባዶ እግርህ?»

«ጫማዬን የት አደረግሽው?»

«ለቀባሪዎቹ ሰጠሁት።»

«ደህና ጫማ ነበር።»

የፈራ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፤ ዳርላ የጨበጠችው ደንቡን ነው። መንጃ ፈቃድ ጠየቀች። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካፖርት ኪስ አወጡ። ፎቶው እሳቸው ናቸው፣ መልኩ ብቻ ይሻላል። የማብቂያ ቀኑም ገና ነው። በሕይወት መኖር የሚል ተራ ቁጥር ደንቡ ላይ የለም። እስክሪብቶ ሰጠቻቸው፤ ሲነኩት ብረቱ ላይ ውርጭ ወጣ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። «በፈቃድዎ ነው የሚፈርሙት? ያስገደደዎት የለም?»

ማቀዝቀዣው ማጓራቱን አቆመ።

«አለ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ተኝቼ ነበር። ይሄ ወረቀትሽ እንደ ጥርስ ነቀለኝ። ቅደጂውና ልሂድ።»

ማቪስ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጣሉ። «እንዳትነኪው! ኦርቪል፣ ፈርምና ሶፋው ላይ ጋደም በል።»

«ይበርደኛል፣ ማቪስ።»

«ማሞቂያውን እጨምርልሃለሁ።»

«እሱ አይደለም ብርዱ።»

ዳርላ ሁለቱንም አየች። አንዲት ፊርማ ብቻ ናት። ከፈረሙ ወኪሉ ነገም ይደውላል፤ ሴትዮዋም ባላቸውን ያገኛሉ። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን ከእስክሪብቶው ለማላቀቅ እየታገሉ አልቻሉም።

ወረቀቱን ከማቪስ መዳፍ ሥር መንጭቃ መሐል ለመሐል፣ ከነማኅተሙ ቀደደችው።

እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ የሁለት እግር እርጥበት ቀስ እያለ ደረቀ።

ማቪስ አላለቀሱም። ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወሉና፣ «ሌላ ባዶ ቅጽ አይጠፋሽም» አሉ።

«ወይዘሮ ማቪስ…»

«ለእሑድ ሙዪልኝ። ለእሑድ ብቻ።»

ዳርላ ቦርሳዋን አንቃ ወጣች። መኪናዋን እያስነሳች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ወኪሉ ነው።

«ተፈረመ?»

«አልተፈረመም። ሰውየው አልፈቀዱም።»

«በቃ፣ ስምሽን ሰረዝኩት» ብሎ ዘጋው።

ማቪስ በቤት ነጠላ ጫማ በረዶውን እየረገጡ ደርሰው የመኪናውን መስኮት አንኳኩ። ዳርላ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል!» ይላሉ ከመስኮቱ ውጭ ሆነው። «ካልሲ አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ!»