ያልደረቀው ቀለም

አናጢው የስንቱን ቤት አፍርሶ ሲሠራ ፈርቶ አያውቅም። የእናቱን ወጥ ቤት ለመንካት ግን ፈራ። ቢፈራ ይፈረድበታል? እናቱ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ «አላይም» ስትል አልተሰማችም። ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከገባች ማን ይደርስባታል! ጨው የቱ ጋ፣ ቢላዋ የቱ ጋ፣ ሁሉንም በእጇ ታየዋለች። ችግሩ የጋዝ ምድጃው በሩ ሥር መሆኑ ነው። ነፋስ ሲገባ እሳቱን ያጠፋውና ጋዙ ዝም ብሎ ይወጣል።

ታላቅ እህቱ ድንገት መጥታ የጋዙ ሽታ አፍንጫዋን ሲሰነፍጣት ቤቱን ቀወጠችው። «በቃ! እማዬን እኔ ቤት እወስዳታለሁ!»

«ወስደሽ ምን ልታደርጊኝ? ወንበር ላይ ተጎልቼ የሰው ድስት ሲንኳኳ ልስማ?» አለች እናት።

«እታለም፣ በናትሽ ተይ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ አናጢው።

«አንዴ ብትጎዳ ማንንም አልሰማም፤ ጓዟን ጠቅልዬ ነው የምወስዳት!»

ሥራውን በየተራ ሊሠራው ወሰነ። «እጅሽ አንዱን ሳይለምድ ሌላውን አልነካም» ብሎ ለእናቱ ቃል ገባላት። መጀመሪያ መደርደሪያውን ዝቅ አደረገላት፤ ስትዳብሰው ሰነበተችና ለመደችው። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን ከግድግዳው አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ እሱንም ለመደችው።

«ዓይን እያለኝ ሙያህን አላየሁትም ነበር፤ ለካ ደህና አናጢ ወልጃለሁ!» ብላ ቀለደችበት። እህትየው እንኳ ፈገግ አለች።

የቀረው ምድጃውን ከበሩ አርቆ ማዕዘኑ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። የምድጃውን አዲስ መደብ ሠርቶ ቀባው። ቀለሙ ግን አልደረቀም፤ ያልደረቀ ቀለም ላይ ዕቃ ማሳረፍ ደግሞ ለእሱ ሙያውን መስደብ ነው። ወይ ጣጣ! በሩ ሥር እንዳይተወው ነፋሱን ፈርቶ፣ ምድጃውን የድሮው ማጠቢያ ቦታ ላይ አቆመው።

«ለጊዜው ነው፤ የድሮው ማጠቢያሽ ጋ ነው ያለው። ሰማሽ እማዬ?»

«ሰማሁ እንጂ! ደግሞ ደንቆሮ አደረግኸኝ?»

እውነቷን ነው፣ ሰምታለች። እጆቿ ግን አልሰሙም።

በማግስቱ ምድጃውን ለኩሳ፣ መጥበሻ ጥዳ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ጣቷን ቆረጣት። ስትደነግጥ እጆቿ የሰሞኑን ሁሉ ረሱት። ደሙን ሊታጠቡ ዕድሜ ልካቸውን ወደሚያውቁት ቦታ ሮጡ። ሁለቱም መዳፎቿ የጋለው መጥበሻ ላይ አረፉ።

ሐኪሙ ቁስሉ እንደሚድን ተናገረ። «የመዳፎቿ ስሜት ግን አይመለስም» አለ። አናጢው ራሱን እየረገመ ወጥ ቤቱን ጨረሰው፤ ቀለሙም ደረቀ።

እናት ቁስሏ ሲድን ጓዟ ተጠቀለለ። ከመሄዷ በፊት አንዴ ወጥ ቤት ልግባ አለች። ገባች፤ መደርደሪያውን ዳበሰች፤ ማዕዘኑ ጋ ደርሳ መዳፏን አዲሱ መደብ ላይ አሳረፈች። ደጋግማ አሸችው።

«ይሄ ምንድነው፣ ልጄ?»

«መደብሽ ነው እማዬ። ጠርዙ እኮ ነው፤ በደንብ ዳብሺው።»

እንደገና ዳበሰችው። ከዚያ እጇን ወደ ሴት ልጇ ዘረጋች።

«ነይ ያዢኝ፤ እንሂድ» አለች። «አላይም።»