የጋሼ ሐዲድ

"ሬዲዮ" የሚሉት መካኒክ ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ረፋድ ጭነት መኪናው ሥር ተኝቶ፣ በአንድ እጁ መሰርሰሪያውን ይዞ እያወራ ሳለ ወሬው ከመሃሉ ተቆረጠ። ቀጥሎ የተሰማው "እህህ" የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ሮጦ ሶኬቱን መንጭቆ ነቀለና ሬዲዮን በእግሩ ጎትቶ አወጣው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ቀኝ እጁ የሌላ ሰው ይመስል ለብቻዋ ትንቀጠቀጣለች።

"አለህ?"

"ያለሁ ይመስለኛል" አለ ሬዲዮ፣ ትንፋሹ መለስ ሲልለት። "መሰርሰሪያው አልለቅህ አለኝ እኮ! ሚስቴ እንኳ በሠርጋችን ቀን እንዲህ አጥብቃ አልያዘችኝም።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን መሰርሰሪያውን ታቅፎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ገመዱን በቢላ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛዋ፣ ቢጫና አረንጓዴ የለበሰችው የመሬት ሽቦ፣ ልብሷ ቀልጦ፣ መዳቧ ጠቁሮ ተበጥሷል። ይህች ሽቦ በደህና ቀን ሥራ የላትም። የመሰርሰሪያው የውስጥ ሽቦ ተልጦ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ፣ በሰው ገላ እንዳያልፍ ተቀብላ ወደ መሬት የምትሸኘው ግን እሷ ናት። እሷ ከተቃጠለች መሰርሰሪያውን የያዘ ሰው በእሷ ቦታ ቆሟል ማለት ነው።

እንዲህ ከዳር እስከ ዳር የሚያቃጥል ኮረንቲ ደግሞ ከመሰርሰሪያ አይመጣም። ከብየዳ ነው የሚመጣው። ቀና ብሎ የግድግዳውን ግርጌ አየና ያየውን ባላየሁ አለ።

እዚያ ያለው "ሐዲዱ" ነው። ጋሼ፣ የጋራዡ በያጅ፣ በጎልማሳነታቸው የዘረጉት ረጅም ብረት። በያጅ የሆነ ሁሉ ማሳውን፣ ማለትም ኮረንቲው ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ከባድ ገመድ፣ ከመኪና መኪና ሲጎትት ይውላል። ጋሼ ይህ ትከሻቸውን ሲሰብራቸው ብረቱን ከቤቱ የብረት ምሰሶዎች ጋር አሰሩና ማሳውን እሱ ላይ አስነክሰው ተገላገሉ። ከዚያ ወዲያ የገባውን መኪና ሁሉ በሰንሰለት ከሐዲዱ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው። ከሌላ ጋራዥ እየመጡ አይተው "አይ አእምሮ!" ብለውላቸዋል። ጋሼም ሐዲዱን ሲያዩ የዳረውን ልጅ እንዳየ አባት ፊታቸው ይፈታ ነበር።

ጋሼ የኤሌክትሪሺያኑ የእህት ባል ናቸው። እናቱ ስትሞት ከእህቱ ጋር እንደ ጓዝ ተጠቅልሎ የመጣውን ልጅ፣ አንድ ቀን "ያንቺ ወንድም" ሳይሉ አሳደጉት። አሁን ምን ብሎ ነው አፉን የሚከፍተው? ባይከፍትስ፣ ነገ መኪና ሥር ተይዞ የሚቀረው ማነው?

ሌላው ሠራተኛ ምሳ እስኪወጣ ጠበቀ። ለመሰርሰሪያው አዲስ ገመድ አስገባለት፤ የተላጠውንም ውስጡን ጠገነ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።"

"ቶሎ በል። ባለመኪናው ከሰዓት ይመጣል፤ የተሰነጠቀውን ሻንሲ ልጨርስበት።"

"የሬዲዮን መሰርሰሪያ ሽቦ ያቃጠለው ሐዲዱ ነው።"

ጋሼ ሳቁ። "ሐዲዱ እዚያ ግድግዳ ሥር ተኝቷል። ተነሥቶ ሄዶ አቃጠለው?"

"ሰንሰለቱ ዝጓል፤ በደንብ አይነካም። ኮረንቲው መመለሻ ሲጠበው..."

"ተወኝ!" ፊታቸው ጥቁር አለ። "ይህ ሐዲድ ሲዘረጋ አንተ አፍንጫህን መጥረግ አታውቅም ነበር። ለመሆኑ ሰው ሞቷል?"

"ዛሬ ለጥቂት ነው።"

"የመሰርሰሪያህን እርጅና በእኔ አታላክክ!"

ማስካቸውን አነሡ። ኤሌክትሪሺያኑ ያን ጊዜ ምን እንደነካው እሱም አያውቅም፤ ሄዶ የብየዳ ማሽኑን ፊውዝ ነቀለና ኪሱ ከተተ።

"መልስ።"

"አልመልስም፣ ጋሼ።"

"መልስ ብያለሁ!"

"ይምቱኝ እንጂ አልመልስም።" ድምፁ እንደ ልጅነቱ ተሰነጠቀበት። "እርስዎም እኮ ይህንኑ መሰርሰሪያ ይይዛሉ። እህቴን ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

ጋሼ ማስካቸውን አስቀመጡ። "አሳየኝ እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ። "ካላሳየኸኝ ግን ወዮልህ።"

መሰርሰሪያውን ሳያስነሣ ሶኬት ላይ ሰካና የመኪናው ሻንሲ፣ ማለትም የሥሩ አጽም ብረት፣ ላይ አስደገፈው። ፊውዙን መለሰ። "እጅዎን ገመዱ ላይ ያድርጉ። ብረቱን እንዳይነኩ።" ከዚያ ማስክ አጥልቆ፣ ጓንት አድርጎ፣ ራሱ ሊበይድ ተጠጋ። ኤሌክትሮዱ፣ የብየዳው ዘንግ፣ ገና ሲነካ ተጣበቀበት።

"አላቅቀው! አላቅቀው!" ጋሼ ቁጣቸውን ረስተው ጮኹ። "እጅህን አታርበትብት! ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ይህንን ነው ያስተማርኩህ? ቀስ እያልክ ወደ..."

ንግግራቸው ቆመ። ኤሌክትሪሺያኑ ማስኩን ቀና ሲያደርግ ጋሼ ገመዱን የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ይዘውት አየ።

"ሞቀ" አሉ። "እስቲ ድገመው።"

ደገመው።

"መሰርሰሪያው ጠፍቷል አይደል?"

"ጠፍቷል። ያሞቀው የብየዳው ኮረንቲ ነው። ከሻንሲው በመሰርሰሪያው የመሬት ሽቦ ሾልኮ፣ በቤቱ ምሰሶ አድርጎ ሐዲዱ ጋ ይደርሳል። ቀጭን ሽቦ ናት፤ ትንሽ በትንሽ ትበስላለች። መበጠሷን ማንም አያይም።"

ጋሼ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ሐዲዱን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያዩት።

"አንተም በዚህ መሰርሰሪያ ሠርተሃል።"

"ሠርቻለሁ።"

"መኪና ሥር ተኝተህ።"

"ተኝቼ።"

"እኔ ደግሞ እዚያ ማዶ ስበይድ።"

ጋሼ በእጃቸው ጀርባ አፋቸውን ጠረጉና ተነሡ።

ሠራተኞቹ ከምሳ ሲመለሱ ጋሼ ተንበርክከው ማሳውን ከሐዲዱ ሲፈቱ አገኟቸው። ሬዲዮ አላስቻለውም፤ "ጋሼ፣ ባቡሩ ቆመ እንዴ?" አለ።

"ቆመ። አንተ ወሬኛ፣ በደህናው እጅህ ና ያዝልኝ፤ ይህ ገመድ ይከብዳል።"

እየጎተቱ መኪናው ድረስ ወሰዱት። ጋሼ ከሻንሲው ስንጥቅ አጠገብ ብረቱ እስኪያበራ ቀለሙን ፍቀው ማሳውን እዚያው አስነከሱት። ማስካቸውን ከመሸፈናቸው በፊት ዞር አሉ።

"የመኪናው ባትሪስ?"

"ነቅዬዋለሁ።"

"መሰርሰሪያውስ?"

"አንሥቼዋለሁ።"

"በል አጠገቤ ቁም" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "የረሳሁት ካለ ሳታፍር ጩህብኝ።"