እንጸልይበት

ሲስተር ብሩክታይት ፅንስ የማቋረጥ አገልግሎት እንደማትሰጥ በማመልከቻ ያሳወቀችው ከጉኑኖ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ በተመደበች በሳምንቱ ነበር። ኃላፊው ሚልክያስ ማመልከቻዋን ፋይል ውስጥ አስገባና «መብትሽ ነው፤ በእምነትሽ ማንም አይመጣብሽም። ግን የመጣችዋን ሴት ወደ ሶዶ ሪፈር መጻፍ ግዴታሽ ነው» አላት። እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሰኔ ላይ ዘነቡ መጣች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ልቧ ታማሚ ስለሆነ ሶዶ ያየቻት ሐኪም «ሁለተኛ እንዳታረግዢ፣ ልብሽ አይችልም» ብላት ነበር። አርግዛለች። ብሩክታይት የሪፈሩን ወረቀት ሳበችና እጇ እምቢ አላት። ስሟ ከዚያ ወረቀት ግርጌ መስፈሩ ራሱ ኃጢአት መሰላት። እምቢ ብላ ፊት እንዳትነሳት ደግሞ በአንድ ኳየር አብረው የሚዘምሩ ናቸው።

«እንጸልይበት» አለቻት።

የዚያ አገር ምእመን ይህን ቃል የሚለው ሁለት ጊዜ ነው፤ እምቢ ማለት ሲያፍርና መልስ እስኪመጣ ጠብቁ ሲል። ብሩክታይት የመጀመሪያውን አለች፤ ዘነቡ ሁለተኛውን ሰማች። ቀለል ብሏት፣ አመስግና ሄደች። ሲስተር እስክትጠራትም ቤቷ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ነሐሴ ላይ ትንፋሽ አጠራትና ሶዶ ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ሚልክያስ የሞት ምርመራ ቅጹን ይዞ ብሩክታይትን አስጠራት። «ሪፈር ጽፈሽላት ነበር?»

«እንጸልይበት አልኳት።»

ሚልክያስ እስክሪብቶውን አነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሞተችዋ አትመለስም፣ ያለችዋን ላትርፍ ብሎ ነው። «ምክር ተሰጥቷታል» ብሎ ጻፈ። «ማመልከቻሽ ፋይልሽ ውስጥ አለ። ማንም አይነካሽም።»

እውነትም ማንም አልነካትም። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

ለቅሶ ስትደርስ የዘነቡ እናት እማማ ቦሼ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ቢቆጧት በወደደች፤ አልተቆጡም።

«ልጄ ሁልጊዜ ‹ሲስተር እየጸለየችልኝ ነው፣ መልሱ ሲመጣ ትጠራኛለች› ትለኝ ነበር» አሏት። «እኔም ጠበቅኩ። ጌታ ምን አለሽ?»

ብሩክታይት ለዘነቡ አንድም ቀን አልጸለየችም ነበር።