ነውር ፍለጋ ናይሮቢ

ሮቤ ውስጥ ስለ ናይሮቢ ከዲኖ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ባጃጁን መናኸሪያው በር ላይ ያቆምና ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ ናይሮቢን ያወራል። እዚያ አገር ሰው ሻይ ሲጠጣ ጫማውን ከእግሩ ያወልቁበታል ይላል። ጎረቤት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የብረት በሩን ቆልፎ ነው የሚኖረው ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዲኖ ራሱ ከሞያሌ አልፎ አያውቅም። ሞያሌ ጥቂት ቀን ሰንብቶ፣ ወሬውን ሸምቶ ነው የተመለሰው። ወሬ ደግሞ ቀረጥ የለበትም።

ከሞያሌ አለማለፉን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ያምነዋል። ከሁሉ አብልጣ ያመነችው ወይዘሮ ዙሀይራ ናት። ያመነችውም ማመን ስለፈለገች ነው።

ዙሀይራ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ጆንያው ከገሰራ ይምጣ፣ የገዛ ወንድሟ ያምጣው፣ እስከ ታች ዘርግፋ፣ አንዱን ፈልቅቃ ሳታሸት አትገዛም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት አንዲት ልጅ ለሊሴ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ረዲ የሚባል የጎባ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ጠየቃት። ረዲ ናይሮቢ ገብቶ ፍሪጅ መጠገን ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አግብቶም ወደዚያው ሊወስዳት ነው ሐሳቡ።

በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የልጁ ቤተሰብ አይጠየቅም። ሻጩን «ሽንኩርትህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ሞኝ አለ? የሚጠየቀው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ያየውን ይናገራል፤ ለጋብቻ ተጠይቆ የዋሸ ጎረቤት በሐሰት ከማለ ሰው አይለይም። የጎባ ጎረቤቶች ተጠይቀው ስለ ረዲ ከምስጋና በቀር የተናገረ አልተገኘም። ዙሀይራ ግን በዚያ አልረካችም።

«ስድስት ዓመት ያላዩትን ልጅ ምኑን ያውቁታል?» አለች። «የአሁኑ ጎረቤቱ ይጠየቅ።»

«የአሁኑ ጎረቤቱ ያለው ናይሮቢ ነዋ፣ ኡሚ» አለች ለሊሴ።

«እንግዲያው ናይሮቢ እሄዳለሁ። አንድ ጎረቤት 'አውቀዋለሁ፣ ደህና ልጅ ነው' ካለኝ ትሄጃለሽ። የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግን ነገሩ እዚያው ላይ ይብቃ።»

ለሊሴ አንገቷን ደፍታ ትንሽ አሰበች። ከዚያ «እሺ። አይተሽ እምቢ ካልሽ እኔም እምቢ ነኝ» አለች። ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም። እናቷ መምጣቷን ለረዲ እንዳትነግረውም ወላሂ አስባለቻት፤ የሚመረመር ሰው አስቀድሞ አይነገረውማ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የዙሀይራ ልብ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ዲኖ ጎረቤት የለም ብሏል። ጎረቤት ከሌለ ምስክር የለም፣ ምስክር ከሌለ ለሊሴ አትሄድም። ሴትየዋ ይህን ሁሉ አገር የምታቋርጠው ምስክር ፍለጋ አልነበረም፤ እምቢ የምትልበትን ፍለጋ ነው። አንዲት ልጇን ለሰው አገር መስጠት አንጀቷ አልቻለም።

ብቻዋን ደግሞ አልሄደችም። ከአጥሯ ማዶ ሠርከአዲስ የምትባል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣች ጎረቤት አለቻት። አያቶቿ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን የሮቤ ልጅ ናትና በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። «አንቺ ብትሰረቂ ወሬሽን ማን ያመጣልናል?» ብላ ተከተለቻት። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ስንቋን ቆሎና ዳቦ አድርጋ ነው የወጣችው።

ዲኖ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኛቸው። «ፓስፖርታችሁን ከሰውነታችሁ እንዳትለዩት፣ እትዬ ዙሀይራ። አገሩም ሙቀት ነው፣ ስስ ስስ ልብስ ይያዙ» አላቸው። ዙሀይራ ምክሩን በደንብ ሰምታለች። የሁለቱንም ፓስፖርት ከውስጥ ጉርዳቸው ጋር በጆንያ ወስፌ ሰፍታዋለች፤ ስፌቷ ደግሞ በሮቤ ገበያ የታወቀ ነው።

ሞያሌ ኬላው ላይ ሲደርሱ መኮንኑ ፓስፖርት ጠየቀ። ሁለቱ ተያዩ። ሠርከአዲስ በቀሚሷ ላይ እየዳበሰች ስፌቱን ለመተርተር ብትሞክር ንቅንቅ አላለም። ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ከአንዲት ሴት ምላጭ ተዋሱና ከአውቶቡሱ ጀርባ ሄደው፣ አንዷ ነጠላ ዘርግታ እየከለለች፣ አንዷ እየቀደደች ወጣላቸው።

«የናይሮቢ ሌባ ቢያገኘን ኖሮ እሱም ሰልችቶት ትቶን ይሄድ ነበር» አለች ሠርከአዲስ፣ የተቀደደ ጉርዷን እያየች። ዙሀይራ መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ሳቀች።

ናይሮቢ ሲገቡ ብርዱ ተቀበላቸው። የጎባን ጠዋት የሚያህል ብርድ ነው። የያዙት ግን እንደ ዲኖ ምክር ስስ ልብስ ነበርና ያላቸውን ሁሉ ደራርበው ለበሱት። «ዲኖ ይህን ከዋሸ ሌላውንስ?» አለች ሠርከአዲስ። ዙሀይራ ዓይኗን ሰው ላይ ተክላ ሌባ ትፈልጋለች።

የምታየው ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ዳር ሰው ለሚኒባስ ተሰልፏል፤ ማንም ማንንም አይገፋም። ሚኒባሱ ከጎማው እስከ ጣሪያው ሥዕል በሥዕል ነው፣ ሙዚቃው ጥርስ ያንቀጠቅጣል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ የተሰለፈው ሕዝብ ግን በተራው ይገባል።

«የኛ መናኸሪያ ቢሆን በመስኮት ይገባ ነበር» አለች ሠርከአዲስ።

«ተሰልፈው የሚሰርቁ ይሆናላ» አለች ዙሀይራ።

ረዲ የሚኖርበት ሰፈር ኢስሊ ይባላል። እዚያ ሲደርሱ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ዙሀይራ ደስ አላት። «አየሽልኝ ጭቃውን? ልጄን እዚህ ውስጥ?» አለች። ሠርከአዲስ ጫማዋን እያላቀቀች፣ «ሮቤ በክረምት አስፋልት ብቻ ነው መሰለሽ» ብላ አፏን አስያዘቻት። መንገድ የጠየቁት ባለሱቅ በኦሮምኛ መለሰላቸው፤ ሱቁንም ለልጁ ትቶ እስከ ሕንፃው በር አደረሳቸው። ይህም ለዙሀይራ አልተመቻትም። ደግ ሰው በበዛ ቁጥር እምቢ ማለቱ እየራቀ ነው።

ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው አራተኛ ፎቅ ደረሱ። የረዲ በር ተቆልፏል፤ ሥራ ላይ ነው። ትይዩ ያለው ደግሞ ዲኖ እንዳለው የብረት በር ነው። ዙሀይራ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። አንኳኩታ መልስ ሳይመጣ ልትመለስ ስትል በሩ ተከፈተ። ሰፋ ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ብቅ አለች። ከኬንያዋ ማርሳቢት የመጣች ቦረና ናት፣ ስሟ ቀመር።

«ነጋ?» አለች ቀመር በኦሮምኛ፤ ሰላም ነው? ማለቷ ነው።

«ነጋ» አለች ዙሀይራ። የቤተሰብ፣ የከብት፣ የዝናብ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሽንኩርት እንደምትገዛ ሁሉ ቀስ ብላ ገባችበት። «ማዶ ያለውን ልጅ፣ ረዲን፣ ታውቂዋለሽ?»

የቀመር ፊት ኮስተር አለ። «ምኑ ናችሁ?»

«እንዲያው ሰዎች ነን።»

«ስለ ልጁ ለእንዲያው ሰዎች አልናገርም። ግን ደክሟችኋል፣ ግቡና ተቀመጡ።»

ሻይ በወተት ቀረበላቸው። ሠርከአዲስ ጾም ላይ መሆኗን ስትናገር ቀመር ብርጭቆውን አነሳች፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ አጥብቃ ጠይቃ፣ ለብቻው በንጹሕ ድስት ባቄላ ያለ ቅቤ ጣደችላት። ሠርከአዲስ በዚያው ተሸነፈች። ዙሀይራም ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለችምና ተናገረች፦ የለሊሴ እናት ነኝ፣ የመጣሁት ጎረቤት ልጠይቅ ነው።

«አሃ» አለች ቀመር፤ ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «መልካም ነው። እኔም የምጠይቀው አለኝ። ልጃችንን ዝም ብለን ለማናውቃት ልጅ አንሰጥም። የልጅሽ ጎረቤት ማን ናት?»

ዙሀይራ ያልጠበቀችው ነገር ነው። ሳታስበው ወደ ሠርከአዲስ ጠቆመች።

«እንግዲያው አንቺ ተነሽ፣ ወደ ማድ ቤት» አለች ቀመር ለሠርከአዲስ።

በመጋረጃ ብቻ በተከለለው ማድ ቤት የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ዙሀይራ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስትመዘን ሰማች። ጆንያው ሲዘረገፍ ሽንኩርቱ ምን እንደሚሰማው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች።

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ጨዋ ናት፣ እጇ ሥራ ያውቃል። ታማሚ ስጠይቅ ከእኔ ቀድማ ደርሳ አገኛታለሁ። ጠዋት መነሳት ግን አትወድም። ስትቆጣ ደግሞ ለሦስት ቀን ታኮርፋለች።»

ዙሀይራ ብድግ ልትል ነበር። ሁለት ቀን ነው የምታኮርፈው። ግን ለጋብቻ የሚጠየቅ ጎረቤት አይቋረጥምና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እናትየዋስ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የባቄላው ድስት ሲንተከተክ ብቻ ይሰማል።

«እናትየዋ ደግ ናት» አለች ሠርከአዲስ። «ባሌ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ያደረችው እኔ ቤት ነው። ግን እንዳልዋሽሽ፣ እዚህ የመጣችው እምቢ ለማለት ነው። ልጅቷ ስትሄድባት ቤቷ ባዶ ይሆናል።»

ዙሀይራ ፊቷ ጋለ። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም ነበር። ግን ምን ይደረጋል፤ በአንድ አጥር የኖረ ሰው ያልነገሩትንም ያውቃል። ተናደደች፣ አፈረች፣ ደግሞ ቀለልም አላት።

ቀመር ባቄላውን ይዛ ወጣች። ስለሰማችው ነገር ምንም አላለችም። «አሁን የኔ ተራ ነው፣ ጠይቂ» አለቻት።

«ነውር አለበት?» አለች ዙሀይራ።

«አለበት። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ ይላል፤ የኔን ፍሪጅ ከነካካው ወዲህ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ቁልፉን ይረሳል፣ ስለዚህ አንዱ ቁልፉ እዚህ ነው» ብላ ከጉያዋ አውጥታ አሳየቻት። «ባሌ የታመመ ጊዜ ይህን ሁሉ ደረጃ አዝሎት ወረደ፤ ጎህ ሲቀድ ሱብሂን ከሰገደ በኋላ ሐኪም ቤት ሳይጠይቀው ወደ ሥራ አይሄድም ነበር። ትልቁ ነውሩ ስልክ ነው። ሲያወራ ደረጃው ሁሉ ይሰማል። ለሊሴ፣ ለሊሴ፣ ለሊሴ። ሰለቸን።»

ከዚያ በሩን ከፍታ ወደ ደረጃው አንድ ነገር ተጣራች። ወዲያው በሮች ተከፈቱ። ከላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከታች ልጅ ያዘለች ሴት፣ አንድ ሽማግሌም ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ኦሮምኛም አማርኛም የማያውቁ ናቸው። የሚያውቁት አንድ ስም ብቻ ነው። «ማማ ለሊሴ» እያሉ፣ የለሊሴ እናት ማለታቸው ነው፣ የዙሀይራን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ልብስ ሰፊዋ በቀመር አስተርጓሚነት ልጅቷ ቁመቷ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው ደግሞ መቼ እንደምትመጣ ማወቅ ፈለጉ። ልጇ እግሯ ያልረገጠው ደረጃ ላይ ስሟን የማያውቅ ሰው የለም። ዙሀይራ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

በዚህ መሐል ረዲ የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ ደረጃውን ወጣ። «ማማ ለሊሴ» ሲሉ ሰምቶ ቀና ሲል አማቱ የምትሆነውን ሴት በሩ ፊት አየ። የአማት ፊት አይታይማ፤ በጃኬቱ ፊቱን ሸፍኖ፣ ሣጥኑን እዚያው ጥሎ፣ አራቱንም ፎቅ ተመልሶ ወደ ታች በረረ። ደረጃው በሳቅ ተሞላ። ሠርከአዲስ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች።

«ሥርዓት አልረሳም» አለች ለዙሀይራ።

«አልረሳም» አለች ዙሀይራ።

ስልኳን ይዛ ልብስ ወደተሰጣበት በረንዳ ወጣች። ከታች ኢስሊ ይንጫጫል፤ ሚኒባሶቹ ይጮኻሉ፣ ባለሱቆቹ ይጣራሉ፣ ከመስጊድ የከሰዓቱ የዐስር አዛን ይሰማል። ለሊሴ አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«ኡሚ? የሚያውቀው ሰው አገኘሽ?»

«አገኘሁ። ነውርም ፈለግሁበት፣ ልጄ። ከልቤ ፈለግሁ፤ አጣሁበት። በይ ዕቃሽን አዘጋጂ።»

ለሊሴ ቀጥሎ የሰማችው የእናቷን ልቅሶ ነው።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ፣ ኡሚ?»

«ስላጣሁበት ነዋ» አለች ዙሀይራ።